የሮክ ሙዚቀኞችንና ስኖውቦርደሮችን ስለሚወዱት ሥራ ስናነጋግር ምን ብለን እንጠይቅ?

ጥያቄ

የአልተርኔቲቭ ሮክ (ከተለመደው የሮክ ስልት የወጣ ሙዚቃ) ሙዚቀኞችንና ስኖውቦርድን፣ ማለትም ሁለቱን እግር አንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተትን፣ ሙያቸው ያደረጉ ስፖርተኞችን እያነጋገርኩ፣ ለሥራቸው ስላላቸው ፍቅር የሚያወጋ ፖድካስት በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰብኳቸው ጥቂት ወጣቶች ከተለመደው መንገድ ወጥተው የጀመሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ሰፊ ገበያ ያገኙ በመሆናቸው ነው። እስካሁን አምስት ሰዎች አነጋግሬ፣ ሁሉንም «ይህን ሥራ ለምን ወደዳችሁት?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ጊታር ተጫዋቹ «ሙዚቃ ሕይወቴ ነው» አለኝ፤ ስኖውቦርደሯ «በረዶ ላይ ስወጣ ነፃነት ይሰማኛል» አለችኝ። ውሸት እንዳልነገሩኝ አምናለሁ፤ ሆኖም ቅጂውን መልሼ ሳዳምጠው፣ የአንዱን መልስ ለሌላው ብሰጠው ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በእንዲህ ያለ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ምላሽ 1

እኔ ፍቅርን በስሙ ጠርቼ መጠየቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሰው ስለሚወደው ነገር በጥቅሉ ሲጠየቅ ቀደም ሲል ለሌላ ጠያቂ የሰጠውን መልስ ይደግማል፤ ስለ መሣሪያው ሲጠየቅ ግን እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ያነጋገርኩት ጊታሪስት ለሃያ ደቂቃ ያህል አፉ የለመደውን ሲነግረኝ ከቆየ በኋላ፣ ከስድስቱ ክሮች የአንዱ ውፍረት ለምን ከወትሮው እንደተለየ ጠየቅኩት። በቃል አልመለሰልኝም። ጊታሩን ከማኅደሩ አውጥቶ ጭኑ ላይ አጋደመና መቃኛውን ቀስ እያለ አላላው፤ ክሩ ወርዶ ወርዶ ከጎኑ ካለው ክር ጋር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው እጁን አቆመ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲመታቸው ድምፁ ይርገበገብ ጀመር። «ሌሊት የምነሣው ይህን ፍለጋ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙም መናገር አላስፈለገኝም።

ሶኒክ ዩዝ የተባለው የሮክ ቡድን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባላቱ ከተለመደው የጊታር ቅኝት ውጭ በርካታ ቅኝቶችን ይጠቀሙ ስለነበር፣ ለተለያዩ ዘፈኖች የተቃኙ ብዙ ጊታሮች ይዘው ይዞሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 መሣሪያዎቻቸውን የጫነው መኪና ሲሰረቅ ከዕቃው ጋር የዘፈኖቹ ድምፅ ጭምር ነው የጠፋባቸው። ስኖውቦርደሮቹንም እንዲሁ ስለ ሰሌዳቸው ይጠይቋቸው፤ እንዲንሸራተት ከሥሩ የሚቀቡትን ሰም ለእርጥብና ለደረቅ በረዶ እንዴት እንደሚለዋውጡ፣ ጠርዙን ምን ያህል እንደሚስሉት፣ የትኛውን እግራቸውን እንደሚያስቀድሙ።

ምላሽ 2

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስለ መሣሪያ ብቻ ከተወራ ሙያውን የማያውቅ አድማጭ ይሰለቻል። በእኔ እምነት የአንድ ሰው ፍቅር ጎልቶ የሚታየው ሥራው ከጎዳው በኋላ በተመለሰበት ቀን ነው። ስኖውቦርደሩ ማርክ ማክሞሪስ በማርች 2017 ካናዳ ውስጥ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ መንጋጋውና ክንዱ ተሰብሮ፣ ሳንባው ተጎድቶ ለጥቂት ከሞት ተረፈ፤ ዓመት ሳይሞላው በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። የፉ ፋይተርስ የሮክ ቡድን መሪ ዴቭ ግሮልም በ2015 ስዊድን ውስጥ ከመድረክ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ በኋላ፣ እግሩ ታስሮለት በዚያው ምሽት ተመልሶ ዝግጅቱን ተቀምጦ ፈጽሟል። እንዲህ ያለውን ሰው «አልፈራህም?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ «ሰሌዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ መልሰህ ስታስር አጠገብህ ማን ነበር?» ቢሉት ግን ዕለቱን ራሱን ያስታውሳል።

ሁሉም እንደማይመለስ ግን አይዘንጉ። ስኖውቦርደሩ ኬቨን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጨረሻ ዕለት ለቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሲለማመድ፣ ግድግዳው ሰባት ሜትር ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ሃፍፓይፕ (እንደ ግማሽ ቱቦ የተቦረቦረ የበረዶ መወዳደሪያ) ውስጥ ወድቆ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ወደ ውድድርም አልተመለሰም። ሙዚቀኞችም ከዓመታት ጩኸት በኋላ ጆሯቸው ውስጥ የማያቋርጥ ጭውታ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብዙዎቹም በአደባባይ ማንሣት አይወዱም። ስለዚህ መቅረጫውን ከመክፈትዎ በፊት ስለ ጉዳት መጠየቅ ይችሉ እንደሆነ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ገንዘብና ስለ ዝና ማንሣትስ ተገቢ ነው? ሥራቸውን ለገበያ ሸጡት የሚል ወቀሳ በሁለቱም ሙያ ውስጥ ስላለ ቅር እንዳይሰኙ እሰጋለሁ።

ምላሽ 3

ማንሣት ተገቢ ብቻ ሳይሆን አስፈላጊም ነው፤ እኔ ግን ያገኙትን ከመጠየቅ ይልቅ እምቢ ያሉትን እጠይቃለሁ። ኖርዌያዊው ተርዬ ሃኮንሰን በዘመኑ በሃፍፓይፕ ስመ ጥር ሆኖ ሳለ፣ ስኖውቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደገባበት የ1998 የናጋኖ ኦሊምፒክ አልሄድም አለ፤ የተቃወመውም ማጣሪያው በስኖውቦርደሮቹ ሳይሆን በዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን እጅ መሆኑን ነው። ፐርል ጃም የተባለው የሮክ ቡድንም በ1994 በአድናቂዎቹ ላይ የሚጨመረውን የትኬት አገልግሎት ክፍያ በመቃወም ትኬት ሻጩን ድርጅት ቲኬትማስተርን ለአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ከስሷል። እምቢታ ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ ሰውዬው ያንን ዋጋ ለምን እንደከፈለ ሲያስረዳ የሚወደውን ነገር ራሱ ይነግርዎታል።

ሌላም ልጨምር። ሁለቱን ሙያዎች ካጣመሩ አይቀር እርስ በርሳቸው ያነጋግሯቸው። በሃፍፓይፕ ሦስት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ሾን ዋይት ባድ ቲንግስ በተባለ የሮክ ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር፤ በ2013 ሎላፓሉዛ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክም ቀርቧል። በአንዱ ሙያ አንደኛ የሆነ ሰው በሌላው ጀማሪ ሲሆን የሚሰማውን ከእርሱ ዓይነቶቹ በቀር ማን ያስረዳል? ስኖውቦርደሯን ስለ ጊታር፣ ጊታሪስቱንም ስለ በረዶ ይጠይቋቸው፤ እዚያ ላይ የተዘጋጀ መልስ የላቸውም። መጨረሻ ላይ ለሁሉም «ነገ ጠዋት ማንም የማያይህ፣ ማንም የማይቀርጽህ ብትሆን መጀመሪያ የምትለማመደው የትኛውን ነው?» ይበሏቸው፤ ከመመለሳቸው በፊት የሚኖረውንም ዝምታ ከቅጂው ቆርጠው አያውጡት።