ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ 11 ሰዓት ዘግይተን ገባን፤ ካሳ ይገባናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴና ከ6 ዓመት ልጄ ጋር ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ «አውሮፕላኑ ተበላሽቷል» ተባልን። 11 ሰዓት ዘግይተን ገባን። እናቴ ስኳር አለባት፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው ያደረችው። የሰጡን የ10 ዩሮ የምግብ ኩፖን ብቻ ነው። አየር መንገዱ የአውሮፓ አይደለም። ስደውል «የቴክኒክ ብልሽት ስለሆነ ካሳ የለም» አሉኝ። እውነት ነው?

የሽቱትጋርቱ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እውነት አይደለም። የአውሮፓ ህብረት ደንብ 261/2004 መነሻሽን ነው የሚያየው። ከህብረቱ ኤርፖርት ከተነሳሽ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን ይመለከተዋል። ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ በረራ፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተሽ ከደረስሽ ለሰው 600 ዩሮ ነው። ብልሽቱንም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 ዘግቶታል፤ ተራ የቴክኒክ ችግር ከካሳ አያድናቸውም። የሚያድናቸው እንደ ከባድ የአየር ሁኔታ ወይም የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ ያለ፣ ከእጃቸው ውጭ የሆነ ነገር ነው።

ጠያቂ፦ ልጄም ይቆጠራል?

የሽቱትጋርቱ፦ ትኬት ተከፍሎለት የለ? እኩል ይቆጠራል። ሦስታችሁ 1800 ዩሮ።

ሰናይት፦ እናትሽ ወንበር ላይ ማደራቸው በጣም አሳዘነኝ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሆቴልና ምግብ ማቅረብ ግዴታቸው ነበር። ከኪስሽ ያወጣሽው ካለ ደረሰኙን አያይዢ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ቫውቸር ቢልኩልሽ ሳታነቢ አትፈርሚ። እኔ በ300 ዩሮ ቫውቸር ፈርሜ ሌላ ጥያቄ የለኝም ማለቴ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ደንቡ ያለ ፈርማሽ በቫውቸር እንዲከፍሉ አይፈቅድም። «በባንክ ሂሳቤ» ብለሽ ጻፊ።

የኮሎኙ፦ ወደፊት ለሚያነቡ ልጨምር። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ይህ ደንብ የሚሠራው አየር መንገዱ የህብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ 600 ዩሮ የሚባል ነገር የለም። ኢትዮጵያም ጀርመንም የሞንትሪያል ስምምነት (ስለ አየር መንገዶች ተጠያቂነት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ውል) አባል ስለሆኑ ግን በመዘግየቱ የደረሰባችሁን ኪሳራ በማስረጃ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

እህቴ፣ ካሳውን ተከራክሮ ለሚያስከፍል ድርጅት ለመስጠት አትቸኩዪ፤ ከገንዘብሽ ላይ ደህና አድርገው ይቆርጣሉ። መጀመሪያ ራስሽ ለአየር መንገዱ ጻፊ። የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የቡኪንግ ቁጥር፣ የሦስታችሁ ስም፣ የባንክ ሂሳብ፣ መልስ የምትጠብቂበት ቀን። 2 ወር ዝም ካሉ ጀርመን ውስጥ ለመንገደኛ በነፃ የሚያስታርቅ ተቋም አለ፤ «ሽሊሽቱንግ» ይሉታል። ጊዜም አለሽ፤ እዚህ ይርጋው (ካሳ የመጠየቂያው የጊዜ ገደብ) በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእናቴ ቦርዲንግ ፓስ ግን ጠፍቷል።

ሰናይት፦ አትጨነቂ። ትኬቱ የተረጋገጠበት ኢሜይል አለሽ አይደል? እሱን ላኪ። ቦርዲንግ ፓስ የለም ብለው ብቻ መከልከል አይችሉም።