ኦንላይን ጨዋታ ለተዘጋባችሁ የድሬ ልጆች፦ ለማን ይከፈል?

«ኦንላይኑ አልከፍት አለኝ፤ ድሬ ውስጥ ማን ጋ ልውሰደው?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ ደርሶኛል። የእህቴን ልጅ ፒኤስ 4 (የፕሌይስቴሽን ጌም ማሽን) ይዤ ሁለት ሳምንት ተንከራትቻለሁ። እናንተ ብራችሁን በከንቱ እንዳታወጡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ቶሮንቶ ካለው የአጎቱ ልጅ ጋር ኳስ መጫወት ይፈልጋል። ኦንላይን ሊገባ ሲል ግን በወላጅ ቁጥጥር ተከልክሏል ይለዋል። እናቱ ደግሞ የዘጋችው ነገር የለም።

መጀመሪያ የሄድነው ታይዋን ገበያ፣ አንድ ሱቅ ነው። ማሽኑን ፎርማት አድርጎ ብሩን ተቀበለ። ቤት ገብተን ስንከፍተው ክልከላው እንዳለ ነው። የጠፋው ልጁ ተጫውቶ የደረሰበት ደረጃ ብቻ ነው። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ግቢ ወጣ፤ ማታም እራት አልበላ።

ሁለተኛው ከዚራ ያለ ጌም ቤት ነው። ገና ማሽኑን ከፌስታል ሳናወጣ፣ የሚሠራው ልጅ «አቦ፣ ይሄ እኮ የማሽን ችግር አይደለም! አካውንቱን ማን ነው የከፈተላችሁ?» አለን። ነገሩ ሁሉ እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነበር።

ማሽኑን ስንገዛ አካውንቱን የከፈተልን ሻጩ ነው። የልጅ አካውንት ደግሞ ያለ አዋቂ አይከፈትም። ከላይ የቤተሰብ ኃላፊ የሚባል የአዋቂ አካውንት አለ፤ ለልጁ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ ነው። ሻጩ እዚያ ላይ የራሱን ኢሜይል አስገብቷል። ሄደን ስንጠይቀው ፓስወርዱን አያስታውሰውም። ስለዚህ በእናቱ ኢሜይል አዲስ የቤተሰብ አካውንት ከፈትን፤ ልጁንም ከሥሩ አስገባን። ጨዋታው ሲዲ ስለሆነ አልጠፋም።

የኃላፊው ኢሜይል እጃችሁ ላይ ካለ ማንም ጋ አትሂዱ። በስልክ ብራውዘር ፕሌይስቴሽን አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ። የቤተሰብ አስተዳደር የሚለውን ክፈቱ፣ የልጁን ስም ንኩ፣ ከዚያ የመገናኛና ተጫዋቾች የሚሠሩትን ይዘት የሚመለከተውን ክልከላ አንሱ። ይህ ሲዘጋ አንዳንድ ጌም ኦንላይን ጨዋታውን ጨርሶ ይከለክላል። ሁሉንም መክፈት ካልፈለጋችሁ ልጁ ለአንድ ጌም ብቻ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እኔ ለልጅ የምመርጠው ይሄኛውን ነው።

ማይንክራፍትና ኤክስቦክስ ላይም ነገሩ ያው ነው። እዚያ ግን የሚስተካከለው ማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው።

ክልከላው ተነስቶም እምቢ ካለ ፕላስ (የሚከፈልበት የፕሌይስቴሽን አባልነት) መኖሩን እዩ። ኳሱን ኦንላይን ለመጫወት ፕላስ ያስፈልጋል፤ እንደ ፎርትናይትና ኢፉትቦል ላሉ ነፃ ጌሞች አያስፈልግም። ፕላሱን በእናት ወይም በአባት አካውንት ግዙና ማሽኑን የዚያ አካውንት ዋና ማሽን አድርጉት። ያኔ ልጁም በዚያው ይጫወታል።

ለፕላስ መክፈያ የሚሆን የፕሌይስቴሽን ካርድ ከቴሌግራም ሻጮች ስትገዙ የአካውንታችሁን አገር አስቀድማችሁ ተናገሩ። አገራችን ምርጫው ውስጥ ስለሌለች ብዙዎቻችን የአሜሪካ ወይም የኤምሬትስ አካውንት ነው ያለን። የአንዱ ካርድ ለሌላው አይሠራም፤ የአካውንቱም አገር ከተከፈተ በኋላ አይቀየርም። ሻጩ «ለየትኛው አገር?» ብሎ ካልጠየቃችሁ ተዉት።

ኔትዎርክ ላይ ብዙም አልቆይም። ቤት ውስጥ የመስመር ዋይፋይ ካለ ከሆትስፖት ይሻላል። በሆትስፖት የማሽኑ የኔትዎርክ ሙከራ ናት 3 (ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መገናኘት ያስቸግራል ማለት ነው) ካላችሁ ሌላ ሲም ሞክሩ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 የመጀመሪያ ኔትዎርኩን የከፈተው እዚሁ ድሬ ስለሆነ፣ ከቴሌ ጋር አወዳድሮ ማየት አይቸግረንም። የሚሻለው እንደየሰፈሩ ይለያያል።

ደብልዩ ኤስ 37368-7 የሚል ቁጥር ከመጣ ግን አካውንቱ ታግዷል ማለት ነው። «እከፍተዋለሁ» ለሚል ሱቅ ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጡ።

እንግዲህ የኔ ጥቆማ ጌም ቤት የሚሠሩት ልጆች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት ነገር ስለሆነ ያውቁታል። ስትሄዱ የእናትየውን ስልክ ያዙ፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ያስገቡትን የልደት ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉት። ፓስወርድ ሲጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው።