ሆስፒታል የተኙ የካቶሊክ ካህን እንዴት እንጠይቅ?

ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። የሰፈራችን የካቶሊክ ካህን በመኪና አደጋ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ደሴ ሆስፒታል ተኝተዋል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፤ ከአልጋ ግን ገና አይወርዱም።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ሰፈርተኛው፣ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም፣ መኪና ተከራይቶ ሊጠይቃቸው ተነሥቷል። ነርሷ ግን ከሁለት ሰው በላይ አታስገባም፤ እውነቷን ነው፣ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። አባ ደግሞ ማንንም አትመልሱ ይላሉ፤ እንግዳ በበዛበት ቀን ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት የወጡ እናቶችን በር ላይ ምን ብዬ ልመልስ? በወሎ የታመመን ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ቅር ሳይሰኙ ተራ ያስያዛችሁ ካላችሁ ዘዴውን ንገሩኝ።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አባ ለራሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዱስ ቁርባን። በካቶሊክ ሥርዓት ካህን ለሕመምተኛ ቁርባኑን አልጋው ድረስ እንደሚያመጣለት፣ ቅብዐ ቀንዲልም እንደሚቀባው አውቃለሁ። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ቢቋቋምም መንበሩ ባሕር ዳር ነው፣ ሩቅ ነው። ደሴ ያላችሁ ካቶሊኮች፣ ማንን ላናግር? ለካህኑስ ክፍሉ ውስጥ ምን ማዘጋጀት አለብኝ? ንጹሕ ጨርቅና ሻማ ይበቃል? ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሻማ ማብራት አደገኛ ስለሆነ ያለ ሻማ ይቻል እንደሆነም ንገሩኝ።

ሼሃችንም አልጋቸው አጠገብ ዱዓ ሊያደርጉላቸው ይፈልጋሉ። ከቁርባኑ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ?