ስለ ፎኤ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት ይበቃል?

አንበሳው፦ ዛሬ የካሜሩኑ እግር ኳስ ተጫዋች የማርክ ቪቪየን ፎኤ መታሰቢያ ነው። አንድ የስፖርት ጋዜጠኛ ፎቶውን ለጥፎ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ልጁ ገና 28 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2003 ፈረንሳይ ሊዮን ላይ፣ ከኮሎምቢያ ጋር በተደረገው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በ72ኛው ደቂቃ ወደቀ። የነካው ሰው አልነበረም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም «ቀኑ ደርሶ ነው»?

ማርታ፦ ነፍሱን ይማር። ሰውየው እኮ ሐዘኑን ነው የገለጸው። በሞተ ሰው ስም መጣላት ምን ይሉታል?

አንበሳው፦ ማዘንን ማን ከለከለ እህቴ? እኔን ያናደደኝ «ማንም ምንም ማድረግ አይችልም» የሚለው ነው።

ተጠባባቂው፦ ታዲያ ምን ተሳሳተ? የልብ ጡንቻው በተፈጥሮው የወፈረ ነበር። ሐኪሞች ልቡን ለማስነሳት 45 ደቂቃ ያህል ታግለዋል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? ቀኑ ደርሶ ነው።

ነርሷ፦ ከመውደቁ በፊት የሚደረግ አለ። የጡንቻው መወፈር ብዙ ጊዜ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ምልክት ያሳያል። በአልትራሳውንድ ደግሞ ይለካል። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ለውድድር የሚመዘገብ ሁሉ እንዲመረመር በሕግ አስገድዳለች። በ2006 የወጣው፣ በጣሊያኗ ቬኔቶ ክልል የተካሄደው ጥናት በስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በ89 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ተጠባባቂው፦ ጣሊያን ጣሊያን አትበሉን። ተጫዋቹ ሞሮሲኒ እዚያው ጣሊያን በ2012 ፔስካራ ሜዳ ላይ ወድቆ አልሞተም? የፊዮረንቲናው አምበል አስቶሪ ደግሞ በ2018 ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሞቶ አልተገኘም? እስራኤልም በ1997 ምርመራውን አስገድዳ፣ በኋላ ሲጠና ለውጥ አልታየም። ደግሞ በልምምድ ብዛት የጤነኛ ስፖርተኛ ልብም ይወፍራል። በዚያ ምክንያት ስንት ልጅ ያለ ጥፋቱ ከሜዳ ይባረር?

ነርሷ፦ ይህን ለመለየት ነው የስፖርት ልብ ሐኪም ያለው። 89 በመቶ ማለት ደግሞ መቶ በመቶ ማለት አይደለም።

ዘጠኝ ቁጥር፦ በሃያ ዓመት የልብ ድካም የሚይዘው ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላ የተደበቀ ነገር አለ።

ነርሷ፦ የልብ ድካም ያለ ማን ነው? የሚዛባው ምቱ ነው። ልብ ደም መርጨት ትቶ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ምቱን የሚመልሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት በዘገየ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እባክህ የተደበቀ ነገር እያልክ የሟች ቤተሰብ ቁስል አትቀስቅስ።

አንበሳው፦ ተጠባባቂው፣ አሁን መልስልኝ። የቦልተኑ ተጫዋች ሙአምባ በ2012 ቶተንሃም ሜዳ ላይ ወደቀ። ልቡ ለ78 ደቂቃ በራሱ አልመታም። ከተመልካች መሃል አንድ የልብ ሐኪም ወርዶ አገዘ። ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ። «ማንም ምንም ማድረግ አይችልም» ካልን እሱን ማን አዳነው?

ተጠባባቂው፦ ቀኑ አልደረሰም ነበራ! ሙአምባም እኮ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። አንተው ለእኔ መሰከርክልኝ።

አንበሳው፦ ለምርመራው ይሆናል። ንዝረቱን ለሚሰጠው መሣሪያ ግን አይሆንም። የዴንማርኩ ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቆ የተነሳው እዚያው ሜዳ ላይ ደረቱ ተጭኖ፣ ንዝረቱ ተሰጥቶት ነው። ታዳጊዎች በሚሮጡበት ሜዳ ሁሉ መሣሪያው ይኑር ነው የምለው። ፎኤን ማስታወስ ለእኔ ይህ ነው። ፎቶ መለጠፍ ብቻውን አይበቃኝም።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ኤሪክሰን ካነሳችሁ አይቀር፣ ደረቱ ውስጥ ምቱ ሲዛባ ንዝረት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ተተክሎለት መጫወት አልነበረበትም። ያኔ ይጫወትባት የነበረችው ጣሊያን ልክ ነበረች የከለከለችው።

ማርታ፦ ለምን? አዋቂ ሰው ነው፤ ሐኪሞቹ ፈቅደውለታል። በ2022 ብሬንትፎርድ ገብቶ ተጫወተ፣ ለብሔራዊ ቡድኑም ጎል አገባ። እንጀራውን የምትቆርጥበት አንተ ማን ነህ?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ሁለተኛ ቢወድቅ አብረውት የሚጫወቱት ልጆች ምን ይሆናሉ? የዴንማርክ ተጫዋቾች እያለቀሱ ከበው ሲሸፍኑት አላየሽም?

ማርታ፦ አይቻለሁ። እሱ ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ይወስን።

ተጠባባቂው፦ ከፎኤ ወጣን። እኔ ቃሌን አላነሳም፤ ቀኑ ደርሶ ነው።

አንበሳው፦ እኔም አላነሳም። አንተ የምታሰለጥናቸው ልጆች አሉ አይደል? ሜዳችሁ ላይ መሣሪያው አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ንገረኝ።