የቅኝ ግዛት ዘመን የቤተ መቅደስ ሥዕሎች፦ ማስረጃ ወይስ ማስታወቂያ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁም። አውሮፓውያን ተጓዦች የእስያን ቤተ መቅደሶች ሥለው፣ በእንጨትና በመዳብ ሰሌዳ ላይ እያስቀረጹ አሳትመው ነበር። ሙዚየሞችና መጻሕፍት እነዚህን ሥዕሎች ዛሬም «ቦታው ያኔ እንዲህ ነበር» ብለው ማቅረባቸው ልክ ነው ትላላችሁ?

የታሪክ መምህሯ፦ እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። የካምቦዲያውን አንግኮር ዋትን ውሰዱ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንሪ ሙኦ በ1860 አየው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፤ በቀጣዩ ዓመት ላኦስ ውስጥ ሞተ። ማስታወሻው ፓሪስ ላይ በመጽሔት የወጣው በ1863 ነው። ንድፎቹን ለኅትመት ያሰናዱት ደግሞ ሌሎች ሠዓሊዎችና ቀራጮች ናቸው። አንባቢው ልብ ውስጥ የቀረው ጫካ የዋጠው፣ ባለቤት የሌለው ፍርስራሽ ነው። ባለቤትማ ነበረው! ግቢው ውስጥ የቡድሃ መነኮሳት ይኖሩ ነበር። በ1632 ሊሳለም የመጣ ጃፓናዊ ምሰሶው ላይ ጽሑፍ ትቶ ሄዷል። ታዲያ ከማን ነው የጠፋው? በዚያው በ1863 ፈረንሳይ ካምቦዲያን በሞግዚትነት ያዘች። «ጠፍቶ አገኘነው» የሚለው ወሬ ለማን እንደበጀ ግልጽ ነው።

ሠዓሊው፦ እህቴ፣ ሁሉንም በጅምላ አትኮንኚ። እንግሊዛዊው ቶማስ ዳንኤልና የወንድሙ ልጅ ዊልያም በ1786 ህንድ ገብተው ለዓመታት ዞረዋል። ካሜራ ኦብስኩራ ይዘው ነበር። በሌንስ ገብቶ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ምስል በእርሳስ ይከተሉታል። ከ1795 እስከ 1808 ያወጧቸው ሥዕሎች 144 ናቸው። መዳቡን በአሲድ እያስበሉ ጥላውን ልክ እንደ ውሃ ቀለም ያወጡታል። እኔ በሙያዬ ስለማውቀው፣ ይሄ የዋዛ ሥራ አይደለም። ደቡብ ህንድ ያሉትን የማማላፑራምን ከዓለት የተፈለፈሉ መቅደሶች ፎቶ ባልነበረበት ዘመን አስቀርተውልናል። ይሄ ይጣል?

የታሪክ መምህሯ፦ ማን ይጣል አለ ጋሼ? እኔ የምለው በደፈናው አይታመን ነው። ሉዊ ዴላፖርትን ይመልከቱ። ከ1866 እስከ 1868 በተደረገው የሜኮንግ ወንዝ ጉዞ ሠዓሊ የነበረ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። እዚያው አንግኮር ያለውን የባዮንን ቤተ መቅደስ ሳይፈርስ ምን ይመስል እንደነበር በግምት ሣለ። በ1873 ተመልሶ ሄዶ ሐውልቶችን ጭኖ ፈረንሳይ አስገባ። ዛሬ ፓሪስ ጊሜ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። ሥዕሉንና ጭነቱን ለያይቼ ማየት አልችልም።

አክሱማዊው፦ እኔ ደግሞ የኛን ላምጣ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሄንሪ ሶልት ከአንድ እንግሊዛዊ መኳንንት ጋር ህንድን ዞሮ፣ በ1805 አክሱም ደረሰ። በ1809 ያሳተማቸው 24 ትልልቅ ሥዕሎች ህንድንም፣ ቆሞ የቀረውን የአክሱም ሐውልትም ይዘዋል። ከሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የሣለውን «ትክክል አይደለም» ብሎ የነቀፈው ራሱ ሶልት ነው። ሐውልቱ ዛሬም ቆሟል፤ ሥዕሉን ይዞ ሄዶ ማመሳከር ይቻላል። እኔ ሥዕሉንም የዛሬውን ቦታም ጎን ለጎን አሳዩን እላለሁ።

የታሪክ መምህሯ፦ እሱ ያስማማኛል። ግን ድንጋዩን ታመሳክራለህ፤ ሰዉንስ? ብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ሰው የሚቆመው የሕንጻውን ግዝፈት ለማሳየት ነው። ስለዚህ ከሥሩ ይጻፍልኝ፦ ማን ነደፈው፣ ማን ቀረጸው፣ ስንት ዓመት ቆይቶ ታተመ፣ ያኔ እዚያ ማን ይኖር ነበር። ይሄ ካልተጻፈ ባይሰቀል ይሻላል።

ሠዓሊው፦ «አይሰቀል» ስትዪኝ ነው የማልስማማው። ጽሑፍ ስለጎደለው ሥዕል አይታሰርም። ተመልካቹም እኮ አእምሮ አለው።

የታሪክ መምህሯ፦ አለው፤ ግን ያየውን ነው የሚያምነው። አንግኮር ያለውን የታ ፕሮምን መቅደስ ያስታውሱ። አንግኮርን የጠገኑት ፈረንሳዮች ዛፎቹን እዚያ መቅደስ ላይ ሆን ብለው ተዉአቸው፤ ሲገኝ የነበረውን መልክ እንዲይዝ ብለው። ዛሬ ቱሪስቱ ተሰልፎ ፎቶ የሚነሳው ከሥሮቹ ጋር ነው። ሥዕሉ ቦታውን ራሱን እስከ መለወጥ ደርሷል ማለት ነው።

ሠዓሊው፦ ታዲያ ዛፎቹ ይቆረጡ?

የታሪክ መምህሯ፦ ኧረ አይቆረጡ! አሁን ሥሮቹ ግድግዳውን ደግፈውታል። ግን ዛፎቹ በውሳኔ የቀሩ መሆናቸውን አስጎብኚው ለጎብኚው ይንገረው።