ለእርከንና ለክትር ጥገና ቋሚ በጀት ከየት ይምጣ?

ጥያቄ (ከወሎ ልጅ)
ጤና ይስጥልኝ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ትውልዴ ደቡብ ወሎ ስለሆነ በየዓመቱ ለጥምቀት ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ከቤታችን በላይ ያለውን ተዳፋት ስመለከት፣ የቀበሌያችን ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘመቻ የሠራው የድንጋይ እርከን በሦስት ቦታ ተደርምሶ፣ የክረምቱ ጎርፍ በዚያው በር ገብቶ የአባቴን የጤፍ ማሳ ለሁለት ከፍሎት አገኘሁት። ለምን እንዳልተጠገነ አባቴን ስጠይቃቸው «አዲስ ሥራ ታዘዝን እንጂ ስለ አሮጌው የጠየቀን የለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ድርቅንና ጎርፍን ለመቋቋም የሚውል ልዩ ግብር መጣል ይሻላል ወይስ አሁን የሚወጣውን የመንግሥት ገንዘብ አወጣጥ ማስተካከል? በጉዳዩ የሠራችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1 (ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ)
አባትዎ የተናገሩት ትክክል ነው። በመጀመሪያ ግን አርሶ አደሩ ምንም እንደማይከፍል አድርጎ መነጋገር ተገቢ አይመስለኝም። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት (በተዳፋት ላይ አፈርና ውኃ የማቆየት ሥራ) ለብዙ ቀናት ያለ ክፍያ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ አፈር ይቆፍራል፣ ክትር (በጎርፍ መውረጃ ላይ ውኃና አፈር የሚያግድ አነስተኛ ግድብ) ይሠራል። ይህ በማንኛውም የገቢ መዝገብ ላይ ግብር ተብሎ ባይጻፍም፣ በእኔ ግምት ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያው እጅግ የሚበልጥ ግብር ነው። በዚህ ጉልበት የተሠራ እርከን ሲፈርስ የፈረሰው የሕዝብ ሀብት መሆኑን የሚቆጥርልን አጥተናል።

እኔ በምሠራበት ቀበሌ አንድ ትልቅ ቦረቦር በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ መረብ፣ ተገድቦ ነበር። በሁለተኛው ክረምት የታችኛው ሽቦ ተበጥሶ ድንጋዩ መፍሰስ ጀመረ። ለጥገናው የሚያስፈልገው ጥቂት ጥቅል ሽቦና የሁለት ቀን ሥራ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የወረዳው መደበኛ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ሲሆን ካፒታል በጀቱ ደግሞ ለአዲስ ሥራ የተያዘ በመሆኑ፣ ሽቦ የሚገዛበት የበጀት መደብ ሳይገኝ ቀረ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ጎርፉም የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አዲሱ በጀት ተፈቅዶ ለግዥ እስኪደርስ ክረምቱ ያልፋል፣ ከሰኔ 30 በፊት ያልተሠራበት የአምናው ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። በሦስተኛው ክረምት ግድቡ በሙሉ ተወሰደ።

መልስ 2 (በመንግሥት ፋይናንስ ላይ የሠራ)
ከላይ የተነገረው ነገር አዲስ መፍትሔ የሚሻ አይደለም፤ አገራችን በመንገድ ላይ ይህንኑ ችግር አይታ መልስ ሰጥታበታለች። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋነኛነት ከነዳጅ ሽያጭ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚውለው ለአዲስ ግንባታ ሳይሆን ለጥገና ነው። በብዙ ወጪ የተሠራ መንገድ ትንሽ የጥገና ገንዘብ እያጣ መበላሸቱ እንዲያበቃ ታስቦ የተደረገ ነው። ለእርከን፣ ለክትርና ለጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተመሳሳይ ፈንድ የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ምንጩ ነዳጅ እንዲሆን ግን አልደግፍም። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመሆኑ፣ በዚያ ላይ ሌላ ክፍያ መጨመር በትራንስፖርትና በእህል ዋጋ በኩል ዞሮ ያንኑ የወሎ አርሶ አደር ይጎዳዋል። ይልቅ ከተፋሰስ ሥራ ማን እንደሚጠቀም እንይ። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግድብ ከላይኛው አዋሽ በሚመጣ ደለል ምክንያት ውኃ የመያዝ አቅሙ በእጅጉ ቀንሷል። ደጋው ላይ አፈሩን የሚይዘው ሰው ለኃይል ማመንጫው ዕድሜ እየጨመረ ነው፤ ስለዚህ በከተማ ብዙ ኤሌክትሪክ ከሚጠቀሙት በኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ሳንቲም ለላይኛው ተፋሰስ ጥገና ቢሰበሰብ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። መጠኑ ግን በሳንቲም ተቆርጦ ከቀረ ዋጋ በናረ ቁጥር የመግዛት አቅሙ ስለሚመነምን፣ ከታሪፉ ጋር በመቶኛ መታሰር ይኖርበታል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግል አርሶ አደሮች የገቢ ግብር የክልሎች ስለሆነ፣ ክልሎችም የፌዴራሉን ውሳኔ ሳይጠብቁ ከዚያ ላይ ድርሻ ለይተው መጀመር ይችላሉ።

መልስ 3 (ሴፍቲኔት ላይ ያገለገልኩ)
ስለ ምንጩ ከላይ የጻፉት ወንድሜ ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም ገንዘቡ መቼ እንደሚለቀቅ ካልተወሰነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የነገሩን የሽቦ ታሪክ ይደገማል። በ1997 የተጀመረው፣ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አስቀድሞ የተዘጋጀ የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ስለነበረው፣ በ2003ቱ ድርቅ ከመደበኛ ተጠቃሚዎቹ በተጨማሪ 3.1 ሚሊዮን ሰዎችን ለሦስት ወራት መደገፍ ችሏል። ያን ያስቻለው የገንዘቡ መኖር ብቻ ሳይሆን፣ በምን ምልክት ማን እንደሚያዝዘው ቀድሞ መጻፉ ነበር። የጥገና ፈንዱም ገንዘቡን በሚያዝያ ወረዳ ላይ የሚያደርስ፣ ካልተሠራበትም ወደሚቀጥለው ዓመት የሚያሻግር ደንብ ያስፈልገዋል። ደግሞም ለጥገና የሚወጣ ሰው ይከፈለው። እርከኑን ሲሠራ አንድ ጊዜ በነፃ ሰጥቷል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬን ስጽፍ ምርጫው አዲስ ግብር ወይም የተስተካከለ ወጪ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ለጥገና የሚሆን መደብ ካልተከፈተ ሁለቱም እታች እንደማይደርሱ ተረድቻለሁ። የሦስቱን ፍርስራሾች ስፋት በእርምጃ ለክቼ ነበር፤ ሲደመር ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወንድሜ፣ ቀበሌው ይህንን ለወረዳው በየትኛው የበጀት ርዕስ ሥር አድርጎ ሊጠይቅ እንደሚችል ቢጽፉልኝ፣ የመጪው ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ ለአባቴ እልክላቸዋለሁ።