ረጅም ጸጉር ያለውን ውሻ ለሙቀት ወራት መላጨት ይገባል?

ጥያቄ፦
ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስንዛወር ይዘነው የመጣነው ባለ ረጅም ጸጉር ጀርመን ሼፐርድ፣ ግንቦት ከገባ ወዲህ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ጸጉሩን በማሽን ከሥሩ ባነሣለት ይቀለው ይሆን?

መልስ 1፦
እባክዎ ከሥሩ አይላጩት። የዚህ ዝርያ ጸጉር ድርብ ነው፤ የላይኛው ሻካራ ጸጉር ቆዳውን ከፀሐይ ሲከላከል፣ ከሥር ያለው ጥጥ መሳይ ጸጉር ደግሞ በሙቀት ጊዜ ይረግፋል፤ አየር የሚከለክለውም ረግፎ ሳይወጣ ተጠላልፎ ሲቀር ነው። ስለዚህ በብረት ማበጠሪያ ከአንገቱ ጀምረው፣ ቆዳው እስኪታይ ጸጉሩን በእጅዎ እየገለጡ ያበጥሩት፤ እኔ በአንድ ከሰዓት አንድ ፌስታል ሙሉ አውጥቻለሁ። መቀስ የሚያስፈልገው በመዳፉ ሥር ለበቀለው ብቻ ነው።

መልስ 2፦
እኔም እስማማለሁ፤ የእኔን አስላጭቼው የጀርባው ጸጉር ለወራት በቅጡ ሳይበቅል ቆይቷል። የሆዱን ማሳጠር ግን ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲተኛ ይረዳዋል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ከጆሮው ኋላ የተቋጠረ ጸጉር አለ፤ አስቀድሜ ልጠበው?

መልስ 1፦
አይጠቡት፤ ውሃ ሲነካው ቋጠሮው ይብስ ይጠብቃል። በደረቁ በጣትዎ ይፍቱት፣ ከዚያ ይታጠብ።